አብሮ መጫወት ስንት ያስከፍላል?

ሮቤም ሆነ ጎባ ጌም ቤት ብትገቡ የምታዩት ያው ነው፦ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ልጆች። ብዙ ጊዜ የተሸነፈ ይከፍላል። ይህን የድሃ ዘዴ አድርጎ የሚያይ አለ። ታሪኩን ለሚያውቅ ግን የሀብታሞቹ ዘዴ ነው ያልተሳካው።

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ከጀርባው ሁለት ማሽን በኬብል የሚያገናኝ ቀዳዳ ነበረው። ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ በፈረንጆቹ 2000 አይ-ሊንክ የሚባል ቀዳዳ ይዞ መጣ። በ2001 የወጣው የመኪና ውድድር ግራን ቱሪስሞ 3 በዚህ ቀዳዳ እስከ ስድስት ማሽን ያገናኝ ነበር። በዚያው ዓመት የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ አራት ማሽን አያይዞ ሄይሎ የተባለውን የተኩስ ጨዋታ ለ16 ሰው አቀረበ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ስድስት ሰው እንዲሽቀዳደም ስድስት ማሽን፣ ስድስት ቴሌቪዥን፣ ስድስት ዲስክ፣ በላዩ ላይ ኬብልና ማከፋፈያ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ የዚያን ዘመኑ፣ ጀርባው ወፍራም፣ ለሸክም የማይመች ነው። ሶኒም ብዙ አልቆየም፤ ሁለቱንም ቀዳዳዎች ኋላ ካወጣቸው ሞዴሎች ላይ አነሳቸው።

ቀጥሎ ኢንተርኔት መጣ። በ2013 ከወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ጀምሮ አብዛኞቹን ጨዋታዎች ኦንላይን ለመጫወት የደንበኝነት ክፍያ ግድ ሆነ። የሶኒ የኦንላይን መደብር ኢትዮጵያን አያውቃትም፤ አካውንት የሚከፍት ሰው የሌላ አገር ስም ይመርጣል፣ የሚከፍለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በ2015 ደግሞ ሄይሎ 5 አንድ ስክሪን ተካፍሎ መጫወትን ጭራሽ አስቀረ። አራት ሰው በአንድ ስክሪን ሲጫወት የሚሸጠው አንድ ዲስክ ነው፤ በየቤቱ ሲጫወት ግን አራት።

የእኛ ኢንተርኔት ጠባይ ደግሞ ይታወቃል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ከኢንተርኔት ተቆርጣ ከረመች። ዲስክና ሁለት ጆይስቲክ ግን ኔትወርክ አይለምኑም፤ መብራት ካለ ይበቃቸዋል። ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ላለ የባሌ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ጌም ቤትን ከሺሻ ቤት ጋር ደምሮ ማሸግ የሚቀናቸው የከተማ አስተዳደሮች ቆም ብለው ቢያስቡ ጥሩ ነው። በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳይገባ፣ ቁማር እንዳይኖር መቆጣጠር ተገቢ ነው። በሩን መዝጋት ግን ሌላ ነው። ግዙፎቹ ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ያልዘለቁበትን አብሮ መጫወት፣ በጥቂት ብር ያቆየው ያ አግዳሚ ነው። እሱ ከተነሳ ልጆቹ ወዴት እንዲሄዱ ነው የምንፈልገው?