የተተወ ባሕርና የተተወ ሣር
ሕያው ማኅበርን መልሶ ስለ ማቋቋም

ከመርሐቤቴ ደጋ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ፣ በላይ ያለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አልፎ ወደ ታች ሲዘልቅ፣ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ንጣፍ ያገኛል። ይህ ድንጋይ የባሕር ሥራ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የዛሬው ሰሜን ሸዋ በጨው ውኃ ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን፣ በዚያ ባሕር የኖሩ ፍጥረታት ቅርፊትና አጽም እየተደራረበ የሠራው ነው። በኢትዮጵያ በሚገኘው የዚያ ዘመን የኖራ ድንጋይ ውስጥ የኮራል ቅሪት ጭምር ይታያል።

ኮራል ድንጋይ መስሎ የሚታይ እንስሳ ነው። ጥቃቅን አካላቱ ከባሕር ውኃ ካልሲየም እየወሰዱ የኖራ አጽም ያበጃሉ፤ በብዙዎቹ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ አልጌዎች ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁላቸዋል። ስለዚህ ኮራል ብቻውን የሚቆም ፍጥረት ሳይሆን የማኅበር ኑሮ ነው። ይህን ማኅበር ከባሕሩ ለይቶ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ማኖር ይቻል እንደ ሆነ የሰው ልጅ መሞከር የጀመረው ግን ከሁለት መቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። የሙከራው ታሪክም ከባሕር እጅግ ለራቀው ለመንዝ ደጋ ሳይቀር የሚያስተምረው ቁም ነገር አለው።

እ.ኤ.አ. በ1846 አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ከቶርኪ ጠረፍ ሕያዋን ኮራሎችን ወደ ለንደን ወሰደች። አዲስ የባሕር ውኃ ቶሎ ቶሎ ማስመጣት የማይቻል ስለ ነበረ፣ የቤት ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ በየቀኑ ውኃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እያንቆረቆረች አየር ታስገባለት ነበር። ቀጥሎም የባሕር ተክል ተጨመረበት። ኮራሎቹ 3 ዓመት ያህል ኖሩ፤ ተባዙም። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው ኬሚስት በገንዳ ውስጥ ተክልና እንስሳ አንዱ ለሌላው የሚሰጠውን አየር በሚመለከት ጥናቱን አቀረበ። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ከፈተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ያሳተመው መጽሐፍ አኳሪየም የሚለውን ቃል በየቤቱ አስገባው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሚዛኑ አንድ ጊዜ ከተገኘ ገንዳው ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። በመሆኑም የዚያን ጊዜው ፍቅር በ1860ዎቹ መጨረሻ ቀዘቀዘ፤ በየሳሎኑ የተተከሉት አብዛኞቹ ገንዳዎችም ተተዉ። የታይን ኮራሎች በሕይወት የቆዩት ሚዛን በሚባለው ነገር ብቻ አልነበረም። ስሟ ከታሪኩ ዋና ገጽ ያልተጻፈው ያች ሠራተኛ በየቀኑ ታንቆረቁር ስለ ነበረም ጭምር ነው።

የጎደለው እውቀት የተሟላው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ደቂቅ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አረጋገጠ። በ1961 ደግሞ የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለበት ድንጋይ በገንዳ ውስጥ ቢቀመጥ ውኃውን እንደሚያጠራ ለዓለም አስታወቀ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ የገንዳው ዋነኛ ሠራተኞች ዓይን የማያያቸው፣ በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሰፈሩት ናቸው።

እንዲህ ያለ ገንዳ ሲተው የሚደርስበት የታወቀ ነው። ውኃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንምና፣ ጎደሎው በንጹሕ ውኃ ካልተሞላ ጨዋማነቱ በሊትር ከ35 ግራም አልፎ ይወጣል። የምግብ ትራፊና እዳሪ በአሸዋው ውስጥ ይከማቻል፤ ናይትሬትና ፎስፌት ይበረክታሉ፤ ክር መሳይ አልጌ ድንጋዩን ይወርሰዋል። ለኮራሎቹ አጽም የሚያስፈልገው ካልሲየምም በባሕር ካለው ልክ፣ ማለትም በሊትር ከ400 ሚሊ ግራም ገደማ፣ እየወረደ ይሄዳል።

ባለቤቱ ከብዙ ወራት በኋላ ተመልሶ ሲያየው የሚመጣለት የመጀመሪያ አሳብ ሁሉን ገልብጦ፣ ድንጋዩን ፈግፍጎ፣ አሸዋውን አጥቦ፣ ውኃውን በአንድ ቀን መለወጥ ነው። ይህ ግን ብዙ ጊዜ የተረፈውን የሚገድል ሥራ ነው። በድንጋዩ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች አብረው ይጠረጋሉ፤ የተበላሸውን ውኃ እንደ ምንም የለመዱት እንስሳትም ድንገተኛውን ለውጥ አይችሉትም። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚከተሉት መንገድ ሌላ ነው። አስቀድመው ውኃውን ይለካሉ፤ በሕይወት የቀረውንም ለይተው ይመለከታሉ። ከዚያም አልጌውን በእጅ ይለቅማሉ፤ አሸዋውን በየተራ፣ ክፍል ክፍሉን ያጸዳሉ፤ ከውኃው በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ወይም ሁለት አሥረኛውን ብቻ ይለውጣሉ። ብርሃኑን ቀስ በቀስ ይጨምራሉ። አሞኒያና ናይትራይት ጨርሰው እስኪጠፉ ድረስም አዲስ እንስሳ አያስገቡም። ሥራው ወራት ይፈጃል። ሲያልቅም አያልቅም፤ መልሶ ማቋቋም የሚባለው የተቋረጠውን የዘወትር ሥራ እንደገና መጀመር ነውና።

ከጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ በላይ የተነባበረውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ፣ ይኸው ቁም ነገር በሰፊ ምድር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርሰው ከፍታ ላይ የመንዝ ጓሳ ተዘርግቷል። ስያሜውን የሰጠው ጓሳ የተባለው ረጅም ሣር ሲሆን፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለልዩ ልዩ የቤት ዕቃ ያገለግላል። ከዚያ የሚፈልቁት ምንጮች ወደ ምዕራብ ለአባይ፣ ወደ ምሥራቅ ለአዋሽ ይገብራሉ። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም በዚያ ይኖራሉ።

በአካባቢው በቃል በሚተላለፈው ታሪክ መሠረት፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መንዝን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ይህን ስፍራ ለግጦሽና ለሣር ለይተው ከለሉት። መጠበቂያውም የቄሮ ሥርዓት ተባለ። አጽመ ርስት ያላቸው የአስቦና የጌራ ተወላጆች በየወገናቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። ጓሳው አንዳንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። መከፈቱ በሽማግሌዎች ምክር ከተወሰነ በኋላ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይታወጃል፤ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ደግሞ ሰውም ከብቱም ለቆ ይወጣል። ባለመብት የሆነ ሁሉ ተራ ገብቶ የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት፤ ተራውን የተወም ይቀጣ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ ወጣ። አዋጁ የብዙ ገበሬ ምኞት የተፈጸመበት መሆኑ አይካድም። በጓሳ ዙሪያም ቢሆን አጽመ ርስት ስላልነበራቸው ከሣሩ ተከልክለው የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ለእነርሱ የቄሮ መፍረስ የበደል መሻር ነበር። ይሁን እንጂ ቄሮ የቆመው በዚያው በአጽመ ርስት መብት ላይ ስለ ነበረ፣ መብቱ ሲሻር ከመብቱ ጋር የተሳሰረው ግዴታ አብሮ ወደቀ። ጓሳው የሁሉም ሆነ፤ ተራው ግን የማንም አልሆነም። ሣሩ ያለ ወቅቱ ይታጨድ፣ ቁጥቋጦው ያለ ልክ ለማገዶ ይቆረጥ፣ ዳር ዳሩም በማረሻ ይገፋ ጀመር። ሁኔታው ጎደሎውን የሚሞላለት ያጣውን ገንዳ ይመስላል፤ በአንድ ቀን የተሰበረ ነገር የለም፤ የተቋረጠው የየቀኑ ሥራ ነው።

ጓሳ ግን ጨርሶ አልጠፋም። የተረፈም ነበረ፤ ይኸውም ሣሩ ብቻ ሳይሆን የሽማግሌዎች ትዝታ ጭምር ነው። በኋላ የተነሣው የመልሶ ማቋቋም ጥረት የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ነዋሪዎቹ ኮሚቴ መርጠው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ የመዝጊያና የመክፈቻ ልማዱን እንደገና ሥራ ላይ አዋሉት። ዘለዓለም ተፈራ የቄሮን ሥርዓት አጥንተው ከናይጀል ሊደር ዊልያምስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህን ታሪክ ለዓለም ምሁራን አቅርቧል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ስፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በደንብ አጸናው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቁም ነገር አለ። የተመለሰው የጥንቱ ቄሮ እንዳለ አይደለም። የጥንቱ በትውልድ ሐረግ የተወሰነ ነበር፤ አዲሱ ጓሳን በሚያዋስኑት ቀበሌዎች ነዋሪዎች ላይ የቆመ ነው። የአባቶች መዝጊያና መክፈቻ፣ ተራና ቅጣት ተወሰደ፤ የመብቱ በር ግን ሰፋ። ከመተው የዳነ የባሕር ገንዳም እንዲሁ ነው፤ የሞቱት ኮራሎች አይነሡም፣ የቀሩትም በቀድሞው ስፍራና ቁጥር አይቆሙም። መልሶ ማቋቋም ያለፈውን ቀን መመለስ ተደርጎ ከታሰበ፣ በገንዳ ዘንድ የማይቻል፣ በጓሳ ዘንድ ደግሞ የቀድሞውን በደል ከሣሩ ጋር የሚመልስ በሆነ ነበር።

እንዲህ ያለ ማኅበር ሳይፈርስ ሲቆይ ምን እንደሚያፈራ የጓሳ ጥናቶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ከመንጋው ውጭ ግን 25 በመቶው ብቻ ነው። ጭላዳውን የሚመግበው ሣሩ ነው፤ ሣሩን ያቆየው ደግሞ መዝጊያውና ተራ ጠባቂው ነው። በመላው ዓለም ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ መሆናቸው ሲታሰብ፣ የአንድ ጠባቂ ተራ መጓደል ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ተፈጥሮን መልሶ የማቋቋም ሥራ የሚያቅድ ባለሙያ የሚተከለውን፣ የሚጸዳውንና የሚለካውን ሲዘረዝር፣ ሥራው ተጠናቀቀ ከተባለበት ቀን በኋላ ተራ የሚገባው ማን እንደ ሆነ፣ በምን መብትና በምን ግዴታ እንደ ሆነም አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል። የለንደኗን የቤት ሠራተኛ ስም ያልመዘገበው ታሪክ ኮራሎቹን በሚዛን ብቻ የኖሩ አስመስሏቸው ነበር። በመንዝ ግን የጠባቂው ተራ በቃልም ቢሆን ስለ ተመዘገበ፣ በተቋረጠ ጊዜ ምን እንደ ጎደለ የሚያውቅ ሰው አልታጣም።