የጠቆረ ሻይ ሁሉ ጥሩ ሻይ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲጓዙ ከሚሴ ላይ ወርደው ሻይ ቢሉ ሁለት ዓይነት ሊቀርብልዎ ይችላል፡፡ አንዱ በበራድ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር የፈላው፣ ሌላው ሙቅ ውሃ ውስጥ የምትነከረው ባለ ክር ከረጢት፡፡ ክርክር የሚነሳው በሁለተኛዋ ነው፡፡ «ይቺ ጠንካራ ናት፣ ያቺ ውሃ ናት» እንባባላለን፡፡ የምንፈርደው ደግሞ በቀለሟ ነው፡፡ እስቲ ከፍርዱ በፊት ታሪኳን እንያት፡፡

ከስሙ እንነሳ፡፡ ከቻይና በመርከብ ወደ ምዕራብ አውሮፓ የሄደው ስም «ቲ» ሆኖ ቀረ፡፡ በየብስ በፋርስ በኩል የተጓዘው ግን «ቻይ»፣ በዐረቦች አፍ «ሻይ» ሆነ፡፡ የእኛም ሻይ ይኸው የቀይ ባሕር ጎረቤቶቻችን ቃል ነው፡፡ ከሚሴ ዋና ከተማው በሆነችው ዞን ውስጥ ያለችው ባቲ፣ የደጋ ነጋዴና የአፋር ግመል የሚገናኙባት ጥንታዊ ገበያ ስለሆነች ቃሉ ለአካባቢው ባዳ አይደለም፡፡ ቅጠሉ በአገራችን መተከል የጀመረው ግን በሌላው ጫፍ፣ ኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ጉማሮ ላይ ነው፤ በኋላም ከፋ ውስጥ ውሽውሽ ተከተለ፡፡

ከረጢቷስ? እ.ኤ.አ. በ1908 ቶማስ ሱሊቫን የተባለ የኒውዮርክ ነጋዴ የሻይ ናሙና በሐር ከረጢት ሲልክ፣ ደንበኞቹ ሳይፈቱ ነከሩት ይባላል፡፡ ችግሩ ትልቅ ቅጠል በጠባብ ከረጢት ውስጥ ቶሎ አለመልቀቁ ነበር፡፡ መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ከሕንድ፣ ከአሳም መጣ፡፡ ቅጠሉን ጨፍልቆ፣ ቀዶ፣ አጠቅልሎ ጥቃቅን ፍሬ የሚያደርግ ማሽን ተሠራ፡፡ የደቀቀ ቅጠል ውሃ የሚነካው ገጽ ስለሚበዛ በደቂቃ ውስጥ ይጠቁራል፡፡ በእንግሊዝ ከረጢቷን እ.ኤ.አ. በ1953 ገበያ ያወጣው ቴትሌ ነው፡፡

እንግዲህ ቶሎ መጥቆር በአብዛኛው የመድቀቅ ውጤት ነው፡፡ «ከረጢት ውስጥ ያለው የፋብሪካ ጥራጊ ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ብናኙ በወንፊት የሚለይ፣ የራሱ ደረጃ ያለው ምርት ነው፡፡ ጥራቱን የሚወስነው ለጋ ሁለት ቅጠልና አንድ ቡቃያ መቀጠፉ፣ አሠራሩና አቀማመጡ ነው፡፡ ሻይ እርጥበትና ሽታ ይስባል፡፡ እንደ ከሚሴ ባለ ሙቀት ውስጥ ከሳሙናና ከቅመም ጋር ተደርድሮ የከረመ ፓኮ፣ ቀለሙ ባይለወጥም መዓዛው ይሄዳል፡፡

ጥንካሬውን ደግሞ ግራሙ ይወስነዋል፡፡ ባለ 2 ግራም 25 ከረጢት 50 ግራም ነው፤ ባለ 1.5 ግራም 25 ከረጢት ግን 37.5 ግራም ብቻ፡፡ ፓኮዎቹ ቢመሳሰሉም ሩብ ያህሉ ጎድሏል፡፡ እኛ የምንቆጥረው ከረጢት ነው፤ የምንጠጣው ግን ግራሙን ነው፡፡

ስለዚህ ሁለት ሻይ ሲያወዳድሩ ሚዛኑን እኩል ያድርጉ፡፡ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው የቅምሻ ደንብ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ሻይና 6 ደቂቃ ይላል፡፡ ስኳርም ቅመምም ሳይጨምሩ ይቅመሱት፡፡ ቀረፋና ቅርንፉድ ሲገቡበትማ ደካማውም ጎበዝ ይመስላል፡፡ ሱቅ ሲገቡም የፓኮውን ጀርባ ገልብጠው ግራሙንና የታሸገበትን ቀን ያንብቡ፡፡ ከዚያ በኋላ የበራዱን ሻይ ቢመርጡም አንቀየምም፤ እኛም ከሚሴ ስንደርስ የምናዘው እሱኑ ነው፡፡