የሌሊት መዓዛ

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ መጨረሻው ዓባይ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843 አንቷን ፔቲ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን ወንዝ ሲሻገር አዞ ነጥቆት ቀረ። ሰውየው ዕፀዋት ለቃሚ ነበር። ጓደኛው ካርቲን ዲሎንም ከእርሱ አስቀድሞ በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞቷል።

የለቀሙት ግን ደርቆ ፓሪስ ገባ። አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው የሐበሻ ዕፀዋት መጽሐፍ ከሰፈሩት አንዱ፣ በወይና ደጋ ደኖቻችን ከዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ነጭ ኦርኪድ ነው። ከአበባው ኋላ ስንዝር ሊሞላ የሚቃረብ ቀጭን የወለላ ቱቦ ተንጠልጥሎበት፣ ሲመሽ የሌሊት ቢራቢሮን በመዓዛው ይጠራል። ሪሻር ያወጣለት የላቲን ስም ትርጓሜ «ፍሬ አጭር» ነው፤ ከደረቀ አበባ መዓዛ አይገኝምና አይፈረድበትም።

የዚህ አበባ የሩቅ ዘመድ በጃፓን አገር ፉራን ይባላል። እርሱም ነጭ ነው፤ እርሱም ሲመሽ ያውዳል። በቶኩጋዋ ዘመን መኳንንቱ ከጫካ አውጥተው በሸክላ አሳደጉት፤ ሾጉኑ ኢዬናሪ እንኳ ወዳጁ እንደ ነበረ ይተረካል። ቅጠሉ ነጭና ቢጫ ተዥጐርጕሮ የበቀለውን እየለዩ፣ ለየዐይነቱ ስም እየሰጡ፣ ከአባት ለልጅ አወረሱት። ስለዚህ ጫካው ቢመነጠር እንኳ ፉራን ቤት አለው።

የእኛው ቤቱ የቆመ ዛፍ ብቻ ነው። በቦረና የደንቆሮ ጫካ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን አንሥቶ ተከልሎ እንደ ኖረ ይነገራል፤ እንዲህ ያለ ክልል በሌለበት ስፍራ አንድ የወይራ ግንድ ለከሰል ሲወድቅ፣ በቅርፊቱ ላይ ተጠግቶ የነበረውን ማን ይቈጥረዋል?