የቮልሷ ሦስተኛ ሲሊንደር

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ከአሜሪካ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ሰላም ኖት? መኪናዬ ላይ ኦይል ኩለር ልጨምር ነው፣ ምን ይመክሩኛል?» ይላል። እዚያ አገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ ቅዳሜና እሁድ የራሱን መኪና የውድድር ሜዳ ላይ ይዞ ይገባል። ልጁ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ሲነዳ የዘይቱ ሙቀት 135 ዲግሪ ደረሰበትና ደነገጠ። መደንገጡ ልክ ነው። ዘይት እንደዚያ ሲግል ውሃ ሆኖ ይቀጥናል። ክራንክሻፍቱን ተሸክሞ ብረት ከብረት እንዳይገናኝ የሚያደርገው ያ ስስ ሽፋን ይሳሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጋራዥ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ።

ፎቶም ልኮልኛል። ማቀዝቀዣውን ሊያስር ያሰበው ከራዲያተሩ ፊት፣ መሃል ለመሃል ነው። ፎቶውን ሳይ ያሰብኩት ግን ስለሱ መኪና አልነበረም። አጎቴ ነው ትዝ ያለኝ። መልሱ ስለረዘመብኝ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ አመጣሁት።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨንቻ ዳገት ነው። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ድሮ ጨንቻ እንደነበረች ወጣቶቹ ላታውቁ ትችላላችሁ። አስተዳደሩ ወደ ቆላው ወርዶ አርባ ምንጭ የተቆረቆረችው በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ነው። ከተማው ይውረድ እንጂ ሥራው ሁሉ አብሮት አልወረደም። ደጋው ላይ ያለው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ስለዚህ የመሥሪያ ቤት መኪና ሁሉ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ጨንቻ ደግሞ 2,700 አካባቢ። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሶዶን መንገድ ትንሽ ከሄድክ በኋላ ወደ ግራ ትታጠፍና መውጣት ነው። አባያ ከኋላህ እየሰፋ፣ ሙዙ በእንሰትና በቀርከሃ እየተተካ፣ ዶርዜ ስትደርስ ጉሙ ይቀበልሃል። ያኔ መንገዱ ጠጠርና ጭቃ ነበር።

የእናቴ ወንድም በዚህ ዳገት ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ቮልስዋገን ይነዳ ነበር። ቮልስ ስንል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከቤተ መንግሥታቸው የወሰደቻቸው ናት። ለእኔ ግን ቮልስ ማለት አጎቴ እሁድ እሁድ በጨርቅ የሚወለውላት መኪና ነበረች።

ቮልስ በእኛ አገር የተወደደችው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ የላትም፣ ራዲያተር የላትም፤ ዳገት ላይ ፈልታ አታስቆምህም። የፌርዲናንድ ፖርሸ ቤት መሐንዲሶች በ1930ዎቹ (በፈረንጆቹ) ሲሠሯት በአየር እንድትቀዘቅዝ ነው ያሰቡት። አራት ሲሊንደሮች ሁለት በዚህ ሁለት በዚያ ተጋድመው ይተኛሉ፤ ከላይ በቺንጋ የሚዞር ፋን አለ፤ ፋኑን የቆርቆሮ ቤት ይሸፍነዋል፤ አየሩ በዚያ እየተመራ ወደ ሲሊንደሮቹ ይወርዳል። ጥንካሬዋን ጎረቤታችን ኬንያም መስክራለች። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው ይቺው ቮልስ ነች፤ ያውም ከሷ እጥፍ ጉልበት ያላቸውን ጭቃው ውስጥ ትታ።

ውሃ የሌለው ሞተር ግን ሸክሙን የሚጥለው ዘይቱ ላይ ነው። ቮልስ የምትይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ያ ትንሽ ዘይት ያለሰልሳል፣ ሙቀትም ይሸከማል። ስለዚህ ልጄ ዛሬ ሊጨምረው የሚፈልገው ኦይል ኩለር ቮልስ ላይ ድሮውኑ ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ነው። የት አስቀመጡት? እሱን አቆዩልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በ1963 ዓ.ም. የአጎቴ ቮልስ ዳገት ላይ መንተፍተፍ ጀመረች። ሲፈታ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ተቃጥሏል። ተሠራ። ጥቂት ወራት ቆይቶ እንደገና፣ አሁንም ሦስተኛው። መሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው «በአያያዝ ጉድለት» ብሎ ጻፈ፤ የጥገናው ወጪ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ተወሰነ። አጎቴ ተከራከረ፣ የሰማው የለም። ዕዳውን ከፍሎ ሲጨርስ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። ኩልፎ ወንዝ አጠገብ ሙዝ ተከለ።

እኔ አድጌ የአውቶ መካኒክ መምህር ሆንኩ፤ እናንተም ታውቁኛላችሁ። ሰሌዳ ላይ ቮልስን ስስል ምን እል እንደነበር የድሮዎቹ አትረሱትም፤ «ሦስተኛውን የሚያቃጥል ሰነፍ ሹፌር ነው!» የፋኑ ፍጥነት ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ ይወርዳል። ሹፌሩ ማርሽ መቀነስ ሰንፎ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ሲጎትተው ፋኑ ያንቀላፋል፣ አየር ያጥራል፣ ቫልቭ ይቃጠላል። ይሄ እውነት ነው። ደጋ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ 34 የፈረስ ጉልበት የነበራት ሞተር ጨንቻ ስትደርስ ከሩብ በላይ ጉልበቷ ሄዷል። የሚያቀዘቅዛት አየርም ሳስቷል።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አየሩ ካጠረ ለአራቱም አይደል ወይ የሚያጥረው? ለምን ሦስተኛው ብቻ?» አለኝ። «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የሆነ ነገር ቀባጠርኩና አስቀመጥኩት። ልጄ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ አድርግልኝ።

ከዚያ የባሰውን ልንገራችሁ። በዚያው ሰሞን ለመስቀል አጎቴ ቤት ተሰብስበናል። እኛ ጋ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዘመድ ሁሉ አለ፣ ሥጋው ተንጠልጥሏል። ጨዋታው ወደ መኪና ዞረና እኔም መምህርነቴ ተነሣብኝ፤ ያንኑ የሰሌዳ ንግግሬን እንግዳው ሁሉ ፊት ደገምኩት። አጎቴ ከቁርጡ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሆናል» አለና ወደ ምግቡ ተመለሰ። ሌላ ምንም አላለም።

በ1989 ዓ.ም. ለማስተማሪያ ብለው አንዲት የሞተች ቮልስ ወርክሾፓችን አስገቡልን። ከተማሪዎቹ ጋር የፋኑን ቤት አንስተን ወደ ጎን አደረግነው። ኦይል ኩለሩ እዚያው ቆሟል፤ ልክ በፋኑ ቤት ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ ቀጥ ብሎ። ፋኑ የሚገፋው አየር መንገድ ላይ ማለት ነው። ከሥሩ ያለውን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር። አየሩ መጀመሪያ የዘይቱን ሙቀት ይሸከማል፣ ተከልሎና ግሎ ነው ሦስተኛው ላይ የሚደርሰው። አንደኛውና ሁለተኛው በቀኝ በኩል ንጹሕ አየር ይጠጣሉ፤ ሦስተኛው የሌላው ትንፋሽ ይደርሰዋል።

በኋላ የጥገና መጽሐፍ አግኝቼ ሳነብ ሠሪዎቹም ያውቁት ነበር። አንዳንዶቹ ዲስትሪቢዩተሮች ላይ ሦስተኛው ብቻ እሳቱ ጥቂት ዲግሪ እንዲዘገይ አድርገውለታል፤ እንዲቀዘቅዝ ብለው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ደግሞ ኩለሩን ከፋኑ ቤት ውስጥ አውጥተው ለብቻው ክፍል ሠሩለት። የራሱ አየር መግቢያ፣ የራሱ መውጫ ሰጡት፣ ፋኑንም ሰፋ አደረጉት። ፈረንጆቹ ያንን ትንሽ ክፍል «የውሻ ቤት» ይሉታል። 1971 በእኛ 1963 ነው። አጎቴ ሲቀጣ የነበረችው ቮልስ የዚያ ሁሉ ታላቅ እኅት ነበረች። ሞተሯ በዚህ ብቻ ተቃጠለ ብዬ መማል አልችልም፤ ኮሚቴው ግን የፋኑን ቤት ከፍቶ አላየም፣ እኔም ሳልከፍት ነው ያስተማርኩት።

ኩለሩን ፈትቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ እሁድ ወደ ኩልፎ ወረድኩ። አጎቴ ሙዙ ሥር ተቀምጧል። ዘርግቼ አሳየሁት፣ የቱ ጋ እንደሚቆም በእጄ አመላከትኩት። አገላብጦ አየው፣ በአውራ ጣቱ አቧራውን ጠረገው።

«እኔ እኮ በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምወጣው» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለነሱ ማን ይነግራቸዋል?»

የኮሚቴው ሰዎች ያኔ ተበትነዋል፤ አንዳንዱም አርፏል። እኔ ማድረግ የምችለው ሰኞ ክፍል ገብቼ ያስተማርኩትን ማረም ነበር፣ እሱን አደረግሁ።

እና አሁን ወደ አሜሪካው ልጄ። ኦይል ኩለር ጨምር፣ 135 ዲግሪ ላይ ዝም አይባልም። ከራዲያተሩ ፊት መሃል ላይ ግን አትሰረው። ዘይቱን አቀዘቀዝኩ ስትል የራዲያተሩን አየር ታግልበታለህ፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት ዳገት ላይ የተሠራውን ያንኑ መልሰህ መሥራት ነው። ወደ ጎን፣ ከመከላከያው ጥግ ወስደህ ለብቻው አየር መግቢያ ስጠው። መውጫውንም አትርሳ፤ መውጫ የሌለው አየር አይገባም። ቴርሞስታት ያለውን ግዛ። 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ዘይቱን ወደ ኩለሩ ማሳለፍ አያስፈልግም፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ነው፣ ውስጡ የተጠራቀመውን እርጥበትም አያተንም። ቱቦዎቹ ስለት ካለው ቆርቆሮ ጋር እንዳይፋተጉ በደንብ እሰራቸው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ዘይትህ በሰኮንዶች ያልቃል። (ከጨንቻ አፕል የሚያወርዱት አይሱዙዎች ኩለራቸው በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው፣ ሲያፈስ ዘይትና ውሃ ይደባለቃል። ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።)

ከማሰርህ በፊት የዘይቱንም የውሃውንም ሙቀት መዝግብ፣ ካሰርክ በኋላም ሁለቱንም መዝግብ። ዘይቱ ወርዶ ውሃው ከወጣ ቦታው ትክክል አይደለም።

ትናንት ማታ መለሰልኝ፤ «ቲቸር፣ ከራዲያተሩ ፊት አንስቼ በግራ ጥግ አድርጌዋለሁ» ይላል፣ ፎቶም አለው። ጥሩ ነው፣ ሠርቶታል። የውሃውን ቁጥር ግን አልጻፈውም፤ እየጠበቅኩ ነው።