የጥፋቱ ባለቤት ማን ነው? ሱሰኛው ወጣት በድራማውና በተመልካቹ መካከል

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በአውራ ጎዳናው የሚጓዝ መንገደኛ ማንኩሳን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋታል። በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ግን ማንኩሳ እንዲህ በቶሎ የምትታለፍ ቦታ አይደለችም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ለንባብ ያበቁት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነው። ልብ ወለዱ በዛብህ የተባለው ወጣት ታሪክ ቢሆንም ደራሲው ወጣቱን ይዘው ብቅ አይሉም። አስቀድመው እናቱን ውድነሽ በጣሙን፣ ቀጥለውም አባቱን ቦጋለ መብራቱን ያስተዋውቁና በሀብትም በዘርም የማይመጣጠኑት ሁለቱ ሰዎች እንዴት ለአንድ ጎጆ እንደ በቁ በሰፊው ይተርካሉ። ልጁ ከተወለደ በኋላም በሕመም ሲሠቃይ ወላጆቹ የገቡትን ብፅዐት፣ ማለትም ቢተርፍላቸው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሊሰጡት መሳላቸውን ያሳያሉ። ሕፃኑ ክፉና ደጉን ሳይለይ ዕድሜ ልኩን የሚያስረው ገመድ በሌሎች እጅ ተቋጠረ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ በዛብህ ኋላ የተሳለለትን መንገድ ሲስት «ክፉ ጓደኛ አሳሳተው» ብሎ የሚፈርድ አንባቢ የለም። አንባቢው የእናቲቱን ጭንቀት፣ የአባቱን ትሕትና፣ የቆሎ ተማሪውን ረኀብ፣ የባላባቱን የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት አንድ በአንድ አልፎ ነው ከወጣቱ ውድቀት የሚደርሰው። ፍርዱም በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሊያርፍ አይችልም።

ይህ የአተራረክ ሥርዓት ከሱስ ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም። በቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ በመጠጥ፣ በጫት ወይም በሌላ አደንዛዥ ነገር የተያዘ ወጣት በቀረበ ቁጥር ተመልካቹ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይሟገታል። አንደኛው ወገን ክፉን ነገር ማሳየት ክፉን ነገር ማስለመድ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የተደበቀ ቁስል አይድንምና ገልጦ ማሳየት ይገባል ይላል። ክርክሩ ከታሪኩ አንጻር ሲመረመር ግን ከሁለቱም ጀርባ ሌላ ጥያቄ ተቀምጦ ይገኛል። ይኸውም ድራማው የጥፋቱን ባለቤት ማን አድርጎ አቀረበ የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ተውኔት ከተመልካቹ ጋር መጋጨት የጀመረው ገና ሲወለድ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በእንስሳት አንደበት የዘመኑን አስተዳደር በመሸንቆጡ ታገደ። የዚያን ዕለት ቅር የተሰኙት ተመልካቾች በመድረኩ ላይ አንበሳና ቀበሮ መታየታቸው አላስቆጣቸውም፤ ያስቆጣቸው ጣቱ ወደ ራሳቸው መቀሰሩ ነበር። ይህ ነጥብ ኋላ በሱስ ጉዳይ ለተነሡት ክርክሮችም ቁልፍ ይሆናል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመ በኋላ ከሕዝቡ ሰፊ ክፍል ጋር ያስተዋወቀው ሬዲዮ ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ቢጀምርም ለብዙ ዓመታት ለገጠሩ ሕዝብ የማይደረስበት ሩቅ ነገር ሆኖ ቆይቷል። በ1970ዎቹ ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ዝግጅት መጽሐፉን ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሁሉ የማንኩሳን ሰዎች በጆሮው አወቃቸው። መጽሐፍ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነበው ሲሆን ሬዲዮ ግን አባት፣ እናትና ልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰሙት ነው። ወላጅ በልጁ ዕጣ ላይ የፈረደበትን ታሪክ ወላጅም ልጅም ጎን ለጎን ተቀምጠው ማድመጣቸው በራሱ ሙግት የሚያስነሣ ነገር ነው። ጉዱ ካሣ እብድ ነው ወይስ ከሁሉ የነቃ? ሰብለና በዛብህ መሞት ነበረባቸው ወይስ ደራሲው ጨከኑባቸው? እነዚህ ጥያቄዎች በመምህራንና በሐያስያን መካከል እስከ ዛሬ መልስ አላገኙም።

በዚያው ዘመን በሌሎች አገሮች የወጣት ሱሰኛ ታሪክ በስክሪን ላይ በግልጽ መቅረብ ጀምሮ ነበር። በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ መጽሐፍ በ13 ዓመቷ ሄሮይን የጀመረችውን የክሪስቲያነ ኤፍን እውነተኛ ታሪክ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 በኡሊ ኤደል አዘጋጅነት ፊልም ሲሆን የበርሊኑ የባቡር ጣቢያ ጨለማ ለወጣቱ ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ መስሕብ የሚል ክርክር አስከተለ።

በእንግሊዝ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይልቅ ትምህርት ሰጭ ነው። ቢቢሲ ለልጆች ያቀርበው የነበረው «ግሬንጅ ሂል» የተባለ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1986 ዛሞ የተባለውን ተማሪ በሄሮይን ሱስ ሲወድቅ አሳየ። ዛሞ ክፉ ልጅ አልነበረም። ተመልካቾቹ ለዓመታት ያወቁትና የወደዱት ልጅ ነበር። ድራማው መዋሸቱን፣ መስረቁን፣ ከወዳጆቹ መራቁን ቀስ እያለ በየሳምንቱ ገለጠው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለኪነ ጥበብ ሰው ሊያሳስበው የሚገባ ነው። ተዋናዮቹ «እምቢ ብቻ በል» የሚል መልእክት ያለው ዘፈን አወጡ፤ ዘፈኑ በእንግሊዝ ገበያ እስከ 5ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ልጆቹም በአሜሪካ ቤተ መንግሥት ድረስ ተጋብዘው ተመሳሳይ ዘመቻ ትመራ ከነበረችው ከፕሬዚዳንቱ ባለቤት ከናንሲ ሬገን ጋር ተገናኙ። ድራማው በብዙ ሳምንት የገነባውን ውስብስብ ሕይወት ዘፈኑ በአንድ ቃል አሳጠረው። እምቢ ማለት ብቻ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ድራማውም አያስፈልግም ነበር።

ይኸው ቅራኔ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በአሜሪካ እንደ ገና ተነሣ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኤች ቢ ኦ ባሳየው «ዩፎሪያ» በተባለው ድራማ ዜንዳያ የ17 ዓመት ሱሰኛ የሆነችውን ሩን ሆና ትጫወታለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዴር የተባለው ድርጅት ድራማው የተማሪዎችን የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚነት ያሞግሳል ሲል ነቀፈ። ተዋናይቱ በበኩሏ ታሪኩ ለሰው የአኗኗር ሕግ የሚያወጣ የግብረ ገብ ተረት አለመሆኑን፣ ይልቁንም በሕመሙ ላሉት ብቸኝነታቸውን የሚያቀል እንዲሆን መታሰቡን ገለጸች። ለበሰሉ ተመልካቾች ብቻ የተሠራ መሆኑንም አስቀድማ አስጠንቅቃ ነበር። ለዚህ ሚናዋ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2022 የኤሚ ሽልማት ተሰጥቷታል።

የነቃፊው ወገን ሥጋት ከንቱ አይደለም። ያማረ ብርሃን፣ ያማረ ልብስና ያማረ ዜማ ለሕመሙ ውበት ሊያለብሱት ይችላሉ። ነገር ግን ድራማው ሩን የሚያቀርባት ከታመመ አባቷ አልጋ አጠገብ፣ ለእርሱ ከታዘዘው መድኃኒት መውሰድ ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ሐዲስ በዛብህን ከእናቱ ጭንቀት እንዳስጀመሩት ያለ ነው። ዴር ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በሎስ አንጀለስ ሲቋቋም ፖሊሶችን ወደ ክፍል እየላከ ልጆች እምቢ እንዲሉ ማስተማርን ዋና ሥራው ያደረገ ድርጅት ነበር። የመጀመሪያው ትምህርቱ በኋላ በተመራማሪዎች ሲመዘን ልጆቹን ከዕፅ በመጠበቅ ረገድ ያስገኘው ዘላቂ ውጤት እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሙግቱ የሁለት አስተሳሰቦች ነበር ማለት ይቻላል። አንዱ ጥፋቱን በልጁ ምርጫ ውስጥ ሲፈልግ ሌላው በቤቱና በዙሪያው ይፈልገዋል።

ኢትዮጵያም ድራማን ለማስተማሪያነት በሰፊው ሞክራዋለች። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በኤች አይ ቪና በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ያተኮረ ነበር፤ ከአድማጮችም ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ተቀብሏል። ድራማው የተከተለው ዘዴ ሜክሲኮአዊው ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያደራጀው ነው። በዚህ ዘዴ ገጸ ባሕርያት በሦስት ይከፈላሉ። መልካሙን የሚወክሉ አሉ፤ ክፉውን የሚወክሉ አሉ፤ በሁለቱ መካከል እየዋለሉ ቀስ በቀስ የሚለወጡ ደግሞ አሉ። አድማጩ ራሱን የሚያገኘው በሦስተኛዎቹ ውስጥ ነው። የሱስ ታሪክም የሚሠምረው ሱሰኛው በዚህ መካከለኛ ስፍራ ሲቆም ነው። ሱሰኛው ከመጀመሪያው ክፉ ተደርጎ ከቀረበ ተመልካቹ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይገላገላል፤ ወላጅም ጣቱን ወደ ጎረቤት ልጅ ይቀስራል። በአገር ውስጥ ድራማዎች ተደጋግሞ የሚታየው፣ ከተማ ገብቶ በአንድ ምሽት በክፉ ጓደኛ ግብዣ የሚጠፋው ወጣት፣ ዋና ጉድለቱ ይኸው ነው።

ይህ ድራማ ለምዕራብ ጎጃም ተመልካች ሲቀርብ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ገና «ሱስ» የሚለው ቃል ራሱ ያከራክራል። በዕለት ተዕለት አነጋገር «ቡና ሱሴ ነው» ማለት ነውር የለበትም፤ ቀልድም ነው፤ ፍቅርም ነው። ጠላ የማኅበርና የጽዋ መጠጥ ነው፤ ለደቦ የተጠራ ሰው ሳይጠጣ ቢሄድ ያዘነው ባለቤቱ ነው። አረቄ ደግሞ ለብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ነው። ጌሾና ብቅል ገዝታ፣ ድፍድፉን ጠንስሳ፣ በጭስ ዐይኗ እየተቃጠለ አረቄ የምታወጣ እናት ከሽያጩ ለልጇ ደብተርና እስክሪብቶ ትገዛለች። ያው ልጅ የመጀመሪያውን ጉንጭ የሚቀምሰው ከዚያው ጠርሙስ ሊሆን ይችላል። ድራማው ይህችን ሴት ጥፋተኛ ቢያደርጋት ተመልካቹ ይቆጣል፤ ትክክልም ነው። ጨርሶ ቢተዋትም ታሪኩ ሐሰት ይሆናል። ውድነሽ በጣሙን ያልተዉ፣ ግን ያልኮነኑም አንድ ደራሲ እንደ ነበሩ እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል።

በአንጻሩ ጫት በጎጃም ክርስቲያናዊ ገጠር ለረጅም ዘመን እንደ እንግዳ ነገር ሲታይ ኖሯል። ዛሬ ግን በባሕር ዳር ዙሪያ ብዙ ገበሬ የሚያለማው ተክል ነው፤ ለአገሪቱም በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ሸቀጥ ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 ከመቶ፣ ከሴቶች 12 ከመቶ ያህሉ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ድራማው የሚቅመውን ልጅ ብቻ አሳይቶ ማሳውን፣ ጭነቱንና ሻጩን ካላሳየ ከታሪኩ ግማሹን ቆርጦ ጥሏል ማለት ነው።

የትንባሆ ታሪክም ለዚህ ምስክር ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በጥብቅ ከልክለው ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ያው የተወገዘ ቅጠል የመንግሥት ሞኖፖል ሆኖ ግምጃ ቤት ገባ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ትንባሆ ድርጅት 40 ከመቶ ድርሻ ለጃፓን ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ኃጢአት የነበረው ገቢ ሲሆን የሚያጨሰው ወጣት ብቻውን ኃጢአተኛ ሆኖ ቀረ።

በቴሌቪዥኑም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አልራቀም። የ2004 ዓ.ም. የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የአልኮል መጠናቸው ከ12 ከመቶ በላይ የሆኑ መጠጦች በማሠራጫዎች እንዳይተዋወቁ ቢከለክልም ቢራ በነፃነት ቀጥሎ ነበር። ስለ ሰካራም ልጅ የሚያለቅስ ትዕይንት ሳይደርቅ እንባው፣ አረፋ የሚተፋ ብርጭቆ በዘፈንና በጭፈራ ይከተል የነበረው ለዚህ ነው። ተመልካቹ በድራማው ላይ ሲከራከር ከድራማው ቀጥሎ ስለሚመጣው ግማሽ ደቂቃ ግን እምብዛም አይናገርም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም ከለከለ።

በማንኩሳና በዙሪያዋ ገጠር ግን መጠጥ ቤት ማስታወቂያ የሚያስነግረው በሞገድ አይደለም። በደጃፍ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ከታየ ጠላው ደርሷል ማለት ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውም ልጅ በሥሩ ያልፋል።