የሀብሩ ሣርና የሀብሩ ሰንጋ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደውን ጎዳና ይዞ፥ ሲሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ ዛሬ በግራና በቀኝ የሚያየው ማሽላና ጤፍ፥ ማንጎና ፓፓያ ነው፤ ይህ የሀብሩ ሜዳ ብዙ ሣር ያበቅል እንደ ነበር የምታስታውሰው፥ በየማሳው ወሰን ላይ ተጠግታ የቀረችው ሰርዶ ብቻ ናት። በባሕር ማዶ ገበያ በሣር ያደገ፥ ከፋብሪካ መኖና ከመድኃኒት የራቀ የከብት ሥጋ «ኦርጋኒክ» ተብሎ በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ በእኛም አገር የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ተደንግጓል። የሀብሩ ገበሬ ግን ሌላ ዓይነት ሥጋ አይቶ ስለማያውቅ፥ ለዚህ ነገር የተለየ ስም ማውጣት አላስፈለገውም ነበር።

በሬ በዚህ አገር ለሥጋ ተብሎ አይወለድም፤ አስቀድሞ አራሽ ነው። ዘመኑን በቀንበር ፈጽሞ ጉልበቱ ሲዝል ከሞፈር ተፈትቶ ለድልብ ይታሰራል፤ በሽልሻሎ ጊዜ ከማሽላው መካከል የሚነቀለው ለምለም ቡቃያ፥ ከዚያም በዘመነ ጽጌ ከወገብ በላይ የሚደርሰው ሰንበሌጥ፥ በመጨረሻም ከመከር የተረፈው አገዳ በየወራቱ እየተፈራረቀ ይቀርብለታል። ማታ ማታ ባለቤቱ ከደጃፉ ተቀምጦ አገዳውን በማጭድ እየቆራረጠ ሲያቀርብለት፥ አሞሌውንም በመዳፉ ይዞ ሲያልሰው ያየ ሰው፥ ይህ በሬ ለዓመታት የቤቱን እንጀራ የጎተተ መሆኑን ባለቤቱ እንዳልረሳው ይረዳል።

ሣሩም ቢሆን ጌታ አልባ አልነበረም። እንደ ብዙው ገጠራችን ሁሉ፥ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ከብት እንዳይገባበት በሽማግሌዎች ቃል የሚጠበቅ ክልክል ነበረ፤ ሲከፈትም ቀድሞ የሚገባበት የእርሻው በሬ ነበር። የሥጋው ጣዕም ከዚህ ሥርዓት የመጣ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የድልቡ ቀን የሚወሰነው በጾምና በፍስክ ነው። ለቅበላ ወይም ለፋሲካ ጎረቤት ተማክሮ ሰንጋ ይገዛና ለቅርጫ ይታረዳል፤ በሠርግም ቢሆን ክርስቲያኑና እስላሙ በየሥርዓታቸው ለየብቻ አርደው አንድ ዳስ ውስጥ ይደሰታሉ። በቅርጫው ቀን መደቡ በቅጠል ላይ ተደርድሮ፥ ከሻኛው፥ ከሽንጡ፥ ከፍሪምባው፥ ከጉበቱ ሳይቀር ለእያንዳንዱ ከተዳረሰ በኋላ፥ ባለድርሻው ሁሉ ጠጠር ወይም ስንጥር ለዕጣ ይሰጣል፥ ሕፃን ልጅም በየመደቡ ላይ ያኖረዋል። የዚህ ሰንጋ ጮማ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ቀለሙ በለምለም ሣር ውስጥ ካለው ካሮቲን የተገኘ ነው። የዘመኑ ሊቃውንትም ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ስብ በእህል ከደለበው ይልቅ በሣር ባደገው ከብት ሥጋ ውስጥ እንደሚበዛ አረጋግጠዋል።

የእኛ ሰንጋ ዝናው ሩቅ ደርሶ ነበር። በ1802 ዓ.ም. ገደማ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ከአገሩ ገዥ ከራስ ወልደ ሥላሴ የተበረከቱለትን ባለ ረዣዥም ቀንድ ሰንጎች ገልጾ ጽፏል፤ «ሰንጋ» የሚለውም ቃላችን በዓለም የእንስሳት ሊቃውንት ዘንድ የአፍሪካ ከብት ዘር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ክፉ ቀን መጣ። በ1880 ዓ.ም. ኢጣልያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው «ደስታ» የተባለው በሽታ ከመቶው ከብት ዘጠና ያህሉን ፈጀ፤ የሚያርስ በሬ ታጥቶ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስከ መቆፈር ደረሱ። ከመርሳ በስተደቡብ በዚሁ ጎዳና ላይ በምትገኘው በውጫሌ ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፥ በዚሁ መከራ መካከል ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ውሉ ዐሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ብዙ ሲጽፉ፥ በዙሪያው ባዶ ስለ ቀረው በረት ጥቂት መጻፋቸው ያሳዝነኛል። በሽታው ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ግን ያለቀው ከብቱ ብቻ ሳይሆን ሣሩም ጭምር ነው። ሕዝብ ሲበዛ ክልክሉ ታርሶ ማሳ ሆነ፤ ከዕርዳታ እህል ጋር እንደ ገባ የሚታመነውና ወሎዬው ቅንጬ አረም የሚለው ፓርቴኒየምም በቀረው ግጦሽ ላይ ሠለጠነ። ዛሬ ከንክኪ በተከለሉት ተራሮች ላይ ሣሩ ተመልሶ እየበቀለ፥ ገበሬው በመኸር አጭዶ በሸክም ያወርደዋል፤ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ከሥር በሜዳው ላይ ግን ቅንጬ አረም የበላች ላም ወተቷ ይመራል፥ የሥጋውም ጠረን ይለወጣል፤ ስለዚህ እናት ማታ የታለበውን በጣቷ ነክታ ትቀምስና፥ ላሚቱ ያን ዕለት የት እንደ ዋለች ለእረኛው ልጇ ትነግረዋለች።