ያልታየው ማስጠንቀቂያ፤ ስለ ገጽ ክፍሎች ፍተሻ ከቢሾፍቱ አደጋ የሚገኝ ትምህርት

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ የመተግበሪያ ገጽ ክፍሎች በፕሮግራም ስለሚፈተሹበት ዘዴ መናገር ነው። ነገር ግን ዘዴውን ለብቻው ከመዘርዘር ይልቅ፥ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቢሾፍቱ ከተማ አጠገብ ከደረሰው ከባድ አደጋ ጋር አያይዘን ብንመለከተው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብለን እናምናለን።

የገጽ ክፍል ስንል በስክሪን ላይ የሚታየውን ቁልፍ፥ የመጻፊያ ሣጥን፥ ወይም የማስጠንቀቂያ ቃል ማለታችን ነው። ቀድሞ እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ በእጁ እየነካ ይመረምር ነበር። ቀስ በቀስ ግን ይህን አድካሚ ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ተገኙ፤ ከነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ጄሰን ሃጊንስ የጀመረው ሴሊኒየም ነው። የሁሉም አሠራር ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም ለክፍሉ አንድ ነገር ይሰጡታል፥ ምን እንደሚያሳይ ይመለከታሉ፥ ከደንቡ ጋርም ያስተያዩታል። ለምሳሌ 100 ብር ብቻ ያለው ሰው 200 ብር ልላክ ቢል «ሒሳብዎ አይበቃም» የሚለው ቃል ወጣ ወይስ አልወጣም? ፕሮግራሙ ይህን ጥያቄ ሳይሰለች ሺህ ጊዜ ይጠይቃል።

በአውሮፕላን አብራሪ ፊት ያለው ስክሪንም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ቦይንግ 737 ማክስ በተባለው አውሮፕላን አፍንጫ ግራና ቀኝ፥ አውሮፕላኑ ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። እንደ ደንቡ ከሆነ፥ የሁለቱ ልኬት ከ10 ዲግሪ በላይ ተለያይቶ ከ10 ሴኮንድ በላይ ሲቆይ፥ መለኪያዎቹ አለመስማማታቸውን የሚገልጽ ቃል በአብራሪው ስክሪን ላይ መውጣት አለበት። በዚሁ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ኤምካስ የተባለ አዲስ ሥርዓት ነበር፤ እርሱም በአንዱ መለኪያ ምስክርነት ብቻ ተነሥቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይጫን ነበር። ስለዚህ የመለኪያዎቹን አለመስማማት ማወቅ ለአብራሪው ትልቅ ነገር ነው።

ቦይንግ ሚያዝያ 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በሰጠው መግለጫ እንደ ተረዳነው፥ የስክሪኑ ሶፍትዌር ይህን ማስጠንቀቂያ፥ ገዢው ሲፈልግ ብቻ ከሚያስገባው የማዕዘን ማሳያ ጋር አቆራኝቶት ነበር። ማሳያው በሌለበት አውሮፕላን ማስጠንቀቂያውም አይሠራም፤ ደንቡ ግን በሁሉም ላይ እንዲሠራ ያዝዝ ነበር። የኩባንያው መሐንዲሶች ጉድለቱን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሆኖም ለደኅንነት አያሰጋም ተብሎ፥ እርማቱ ወደ ፊት ከሚደረገው የሶፍትዌር ለውጥ ጋር እንዲሆን ተወሰነ። ለአየር መንገዶችና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በጊዜው አልተነገረም።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዢያው ላዮን ኤር አውሮፕላን ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። ከዚያም መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ፥ በካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና በረዳታቸው በአህመድኑር መሐመድ የሚመራው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ወዲያው የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያመለክት የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ልዩነቱ 59 ዲግሪ ያህል ነው፤ ይኸውም ደንቡ ከጠየቀው ስድስት እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው አልወጣም። አውሮፕላኑ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በጊምቢቹ ወረዳ በቱሉ ፈራ መሬት ላይ ተከሰከሰ፤ 157 ሰዎችም ሁሉም ሞቱ። የአገራችን የአደጋ ምርመራ ቢሮ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ባወጣው ጊዜያዊ ሪፖርት፥ ማስጠንቀቂያው በአብራሪዎች መመሪያ እንደ ተጻፈው አለመታየቱን ገልጿል።

ይህን ስንል ቃሉ ብቻውን አውሮፕላኑን ያድን ነበር ማለታችን አይደለም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የአደጋውን ምክንያት፥ በተሳሳተ ልኬት የተነሣው ኤምካስ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች መጫኑ ነው ይላል። ይሁን እንጂ አብራሪዎቹ ሊያውቁት የሚገባቸውን ነገር በዚያች አጭር ጊዜ ተነፍገዋል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ አንድ ክፍል የሚፈተሸው በአንድ አኳኋን ብቻ መሆን እንደሌለበት ነው። ማሳያው ባለበት አውሮፕላን ላይ ፍተሻው ያልፋል፤ በሌለበት ላይ ግን ይወድቃል። እንዲሁም በአማርኛ በደንብ የሚታይ ቁልፍ በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ቃሉ ረዝሞ ሊቆረጥ ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ በትክክል የሠራ የቀን መቁጠሪያም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በምትመጣው በጳጉሜን 6 ሊሳሳት ይችላል።

ሁለተኛውና ዋነኛው፥ ፍተሻ የሚያልቀው ጉድለት ሲገኝ ሳይሆን ለሚመለከተው ሰው ሲነገር መሆኑ ነው። የማስጠንቀቂያው ጉድለት ከመሐንዲሶቹ የተሰወረ አልነበረም፤ የተሰወረው ከአብራሪዎቹ ነበር። ጉድለትን መፈለግ ለፕሮግራም ሊተው ይችላል፤ መናገር ግን የሰው ግዴታ ነው።

የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አውሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲፈቅድ፥ ኤምካስ ሁለቱንም መለኪያዎች እንዲያነጻጽር፥ ማስጠንቀቂያውም በሁሉም አውሮፕላኖች ላይ እንዲሠራ አስገድዷል። አየር መንገዳችንም በዚሁ ዐይነት አውሮፕላን መብረሩን ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ቀጠለ። እንግዲህ መተግበሪያ የምንሠራ ተማሪዎች በየመመረቂያ ሥራችን ላይ አንድ ገጽ እንድንጨምር እናሳስባለን፤ በእርሱም ክፍሎቹ በየትኞቹ አኳኋኖች እንደ ተፈተሹ፥ ያልታረሙት ጉድለቶች የትኞቹ እንደ ሆኑ፥ ለማንስ እንደ ተነገረ ይጻፍ።